ዜሮ ከላይ ነው

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ከጣሪያው በስተቀር ምንም የለም ከላይ።
ስድስት አልጋ አለን፣ ለስድስት ሴት አገር።
መስኮት የለም እንጂ ኤሲ እንኳን አይጠፋም፤
ሌቱን ሙሉ ያስላል፣ በሱ ማንም አይከፋም።

ቀን ላውንደሪ ነኝ። የሰው ነጭ ከንዱራ
እተኩሳለሁ፣ እንፋሎት ሲያጓራ።
ማታ ከላይኛው አልጋ ተቀምጬ፣
ጥጉ በተሰበረ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ፣
ኮድ እማራለሁ፣ ከእንቅልፌ ቆርጬ።

ከከሚሴ አወል ጻፈ፣ ታናሽ ወንድሜ፦
«ክፍልሽን አንስተሽ ላኪ። እማ ጠይቃት አለችኝ፤
ባሕሩ የሚታይበት መስኮት በየት በኩል ነው?»
አንድ ቀን በስልክ፣ ዝም ከማለት ብዬ፣
ከአልጋዬ ሆኜ ባሕር አያለሁ ብያት ነበር፤
ውሸቴ ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ኖሮ፣
አድጎ፣ ይኸው ሊጠይቀኝ መጣ።

ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አነሳሁ፣
ከሉባባ ትራስ በላይ፣ ከሻገተው ጥግ ወዲህ።
ምስሉን በኮድ ከፈትኩት። ኮድ ግድግዳ አያውቅም፤
ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው፣ እንደ ማሽላ ማሳ
ረድፍ በረድፍ የቆመ።
እኔም ከዚህ ረድፍ እስከዚያ ረድፍ ብዬ
አራት ማዕዘን ጣልኩበት።
መስመር በቁመት፣ መስመር በአግድም፤ መስኮት መሰለ።
ውስጡ ግን ባዶ ነው።
ውፍረቱን ከዜሮ በታች አንድ ብትዪው
ቅርጹ ይሞላል ይላል ትምህርቱ፤
ከምንም ያነሰ ተሰጥቶት የሚሞላ!
ብቻዬን ሳቅኩ። ይህንንስ ሳልማርም አውቀዋለሁ።

ባሕር ይሁን ብዬ ሰማያዊ ሰጠሁት፤ ቀይ ሆኖ ወጣ።
ለካስ እዚህ የቀለም ተራ ይገለበጣል፣
ሰማያዊ ቀድሞ ቀይ መጨረሻ ይመጣል።
ቀይ ባሕር፣ በመስኮት!
ሉባባ በሌሊት፣ በጀልባ አቋርጣዋለች፤
ስለሱ ስትጠየቅ ጸጉሯን ፈትታ እንደገና ትሠራለች።
ቶሎ ብዬ አረምኩት፣ ሳታይ።

ቀረች ፀሐይ። ክብ ናት፤ መሐሏንና ስፋቷን መንገር ነው።
ከፍ ትበል ብዬ ትልቁን ቁጥር ሰጠኋት፤
ከሉባባ ትራስ ላይ ዱብ አለች።
ለካስ ዜሮ ከላይ ነው፤
ቁጥር በጨመረ ቁጥር ወደ ታች ነው የሚወረደው።
እኛም ከላይ ነን፣ አራተኛ ፎቅ።

ሉባባ በላፕቶፑ ብርሃን ነቃች። «ምንድነው?»
«መስኮት።»
አየችው። ዓይኗን አሸች፣ እንደገና አየችው።
«ፀሐይዋን ምነው ትራሴ ላይ?»
«ተሳስቼ ነው፣ አሁን አነሳታለሁ።»
«ተያት» አለች ብርድ ልብሱን ስባ፣ «ይኼ ኤሲ ገድሎኛል።»

ባትሪው አራት በመቶ ላይ ነበር።
ያልተቀመጠ ነገር እንዳልተሳለ ነው፤
ኮምፒውተር እንባ አይቶ አይመልስም።
ቸኩዬ አስቀመጥኩት፣ በዚያው ስም፣ በዚያው ቦታ።
አዲሱ አሮጌውን በላው።
አሁን ያ ግድግዳ ባዶውን የታየበት ፎቶ
የትም የለም።

በማግሥቱ የእማ ቃል መጣ፦
«አልሐምዱሊላህ። ግን መጋረጃ ግዢበት፤
የሚያልፍ የሚያገድመው አይይሽ።»
አወል ለብቻው ጨመረ፦
«ፀሐይዋ መሬት ነክታለች። እየጠለቀች ነው አልኳት።»

ዓርብ፣ ከሮላ ገበያ፣ በአሥራ ሁለት ድርሃም ጨርቅ ገዛሁ፤
በሁለት ሚስማር ሉባባ ሰቀለችው፣ ከግድግዳው።
(ሰማያዊ አጣሁ። ቢጫ አበባ ነው።)
ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ልብስ ስንቀይር፣
አንዷ አትጠፋም፣ ከስድስታችን፣
«ኧረ መጋረጃውን ዝጉት!» የምትል።